እንከን ለቃሚው ማሽን

የአንድ ዕቃ መበላሸት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከገጹ ነው። ብረት ሲሰበር፣ መስታወት ሲሰነጠቅ፣ ቆዳ ሲቀደድ መነሻው ቀድሞ ላዩ ላይ የነበረ ጭረት ወይም ስንጥቅ ሆኖ ይገኛል። ይህን ለኢንዱስትሪው ዓለም ዋጋ አስከፍሎ ያስተማረው ባቡር ነበር። ሜይ 8 ቀን 1842 (በዚህ ታሪክ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን በዓል ሊያዩ ቬርሳይ ውለው ወደ ፓሪስ የሚመለሱ ሰዎችን የጫነ ባቡር በመንገድ ላይ ሳለ የፊተኛው ሎኮሞቲቭ የመንኮራኩር ዘንግ ተሰበረ። ፉርጎዎቹ ተደራርበው በእሳት ተያያዙ። በሮቹ ተቆልፈው ስለነበር ብዙው ተሳፋሪ መውጫ አጣ። ከሞቱት ከ50 በላይ ሰዎች መካከል የደቡብ ዋልታን ባሕር ያሰሰው ዱሞን ዱርቪል ከባለቤቱና ከልጁ ጋር ይገኝበታል።

ከአደጋው ብዙም ሳይቆይ ስኮትላንዳዊው ወጣት መሐንዲስ ዊልያም ራንኪን የተሰበሩ ዘንጎችን እየሰበሰበ መረመረ። ስብራቱ ድንገተኛ እንዳልሆነም አሳየ። ስንጥቁ ዘንጉ ከሚቀጥንበት ሹል ማዕዘን ይነሳና ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ እየዘለቀ ይሄዳል። ዘንጉ የሚሰበረው የቀረው ደህና ብረት ሸክሙን መቻል ሲያቅተው ነው። ከዚህ ግኝት አንድ ተግባራዊ ነገር ይከተላል፤ ከስብራቱ በፊት ስንጥቁ በገጹ ላይ የሚታይበት ጊዜ አለ ማለት ነው። የሚቀረው እሱን በጊዜ ማየት ብቻ ነበር። ነገሩ ግን ከተባለው በላይ ከባድ ሆኖ ተገኘ፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ በቆሸሸና በቅባት በተለወሰ ብረት ላይ በዓይን አትታይም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የባቡር ጥገና ሠራተኞች ለዚህ አንድ ብልሃት ነበራቸው። ዘንጉን ቅባት ውስጥ ይነክሩታል፤ ቆይተው ጠርገው ያደርቁትና በአልኮል የተበጠበጠ የጠመኔ ዱቄት ይቀቡታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ ተደብቆ የቀረው ቅባት ቀስ ብሎ ይወጣና ነጩ ጠመኔ ላይ ጥቁር መስመር ይተዋል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ አሜሪካዊው ዊልያም ሆክ በማግኔት ተይዞ የሚሞረድ ብረት ላይ ብናኙ ስንጥቁን ተከትሎ እንደሚሰለፍ አስተዋለ። አልፍሬድ ደ ፎረስትና ፎስተር ዶን ይህን አስተውሎት ወደ ሥራ ለውጠው በ1934 ማግናፍለክስ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ማግኔት ለማይስበው አሉሚኒየም መፍትሔው የመጣው ከካሊፎርኒያዎቹ ወንድማማቾች ከሮበርትና ከጆሴፍ ስዊትዘር ነው። ሮበርት በጠመኔው ዘዴ ቅባት ላይ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያበራ ቀለም ጨምሮ በ1938 ለፓተንት አመለከተ፤ ፓተንቱም በ1941 ተሰጠው። ማግናፍለክስ ዘዴውን ከ1942 ጀምሮ ዛይግሎ በሚል ስም ሸጠው፤ በጦርነቱ ወቅት የአውሮፕላን ሞተር ክፍሎች በእሱ ይፈተሹ ነበር። እነዚህ ወንድማማቾች ኋላ በመንገድ ምልክትና በማስታወቂያ ላይ በሚያንጸባርቁት ደማቅ ቀለሞች ይበልጥ ታወቁ።

ከእነዚህ ዘዴዎች አብዛኞቹ እስከ ዛሬ ይሠራሉ፤ ሆኖም የሚያደርጉት እንከኑ ራሱን እንዲያሳይ ማገዝ ነው። ማየቱና መፍረዱ ለሰው የተተወ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ፋብሪካዎች የቀጠሯቸው ፈታሾች ቁጥር ብዙ ነበር። በ1924 ለዌስተርን ኤሌክትሪክ የሚሠራው ዋልተር ሸዋርት አንድ ገጽ በምታክል ማስታወሻ የጥራት መቆጣጠሪያ ሰንጠረዥን ሲያስተዋውቅ፣ ሁሉን ዕቃ ከመፈተሽ ናሙና እየወሰዱ የአመራረቱን ሂደት መከታተል እንደሚቻል አሳየ። ለብዙ ምርት ይህ በቂ ነበር። ለዘንግ፣ ለአውሮፕላን ክፍል፣ ለመኪና አካል ለሚሆን ቆርቆሮ ግን ናሙና አያስተማምንም፤ እያንዳንዱ መታየት አለበት።

እያንዳንዱን የሚያየው ሰው ደግሞ ይደክማል። ይህን በቁጥር ያሳየው ጥናት የተነሳው ከፋብሪካ ሳይሆን ከጦር ሜዳ ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይል ባሕር ሰርጓጅ የሚያድኑ የራዳር ተመልካቾቹ ከጥቂት ቆይታ በኋላ የጠላትን ምልክት ሳያዩ ማለፍ መጀመራቸው አሳሰበው። በካምብሪጅ ይሠራ የነበረው ኖርማን ማክዎርዝ ቁጥር የሌለው ሰዓት አሠራ። ጠቋሚው አንድ አንድ እርምጃ ይዘላል፤ አልፎ አልፎ ግን ሁለት እርምጃ ይዘላል። የተመልካቹ ሥራ ሁለቱን ዝላይ ሲያይ ማስታወቅ ብቻ ነው። በ1948 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ የሚያመልጧቸው ዝላዮች ጎልተው ጨመሩ። የአረብ ብረት ጥቅል ፊት የተቀመጠ ፈታሽም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። የሚጠብቀው ነገር ብርቅ በሆነ ቁጥር ዓይኑ ይሰንፋል። ይህ የእንከን ብርቅነት ኋላ ማሽኑንም ያስቸገረ ጉዳይ ሆኖ ይመጣል፤ የዚህ ታሪክ ትልቁ ቋጠሮም እሱ ነው።

ማሽን እንዲያይ የሚያስችለው መንገድ የተከፈተው በ1957 ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የመለኪያዎች ቢሮ የሚሠራው ራስል ከርሽ የሦስት ወር ልጁን ፎቶግራፍ በራሱ ባሠራው መሣሪያ አንብቦ ሲያክ ወደተባለው ኮምፒውተር አስገባ። ምስሉ በአግድምም በቁመትም 176 ነጥብ ብቻ ነበረው። በተከታዩ ዓመት የኮርኔሉ ፍራንክ ሮዘንብላት ፐርሴፕትሮን የተባለውን ሐሳብ ለሕዝብ አቀረበ፤ ኋላ የተሠራው ማርክ 1 የተሰኘው ማሽን 400 የብርሃን መቀበያዎች ነበሩት። የእያንዳንዱን መስመር ክብደት የሚቀይሩት በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞሩ ማስተካከያዎች ነበሩ። የሮዘንብላት ማሽን ከከርሽ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ቅርጾችን የሚለይበትን ደንብ የሚሰጠው ሰው አልነበረም። ምሳሌ እያየ፣ ሲሳሳት ክብደቶቹን እያስተካከለ ይማር ነበር። ሐሳቡ ብዙ ተወራለት፤ በ1969 ግን ማርቪን ሚንስኪና ሲሞር ፔፐርት ባለ አንድ ንብርብሩ ፐርሴፕትሮን ሊፈታቸው የማይችላቸውን ቀላል ጥያቄዎች በሒሳብ አሳዩ፤ ለመስኩ የሚሰጠው ገንዘብም ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

በዚያው በ1969 በቤል ላቦራቶሪ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ሲሲዲ የተባለውን ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ቺፕ ፈለሰፉ። ከ40 ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ለፋብሪካ ትልቁ ጥቅሙ ነጥቦቹን በአንድ ረድፍ ብቻ ደርድሮ ካሜራ መሥራት ማስቻሉ ነው። ከሥሩ የሚያልፈውን ቆርቆሮ፣ ጨርቅ ወይም ወረቀት መስመር በመስመር እያነበበ መጨረሻ የሌለው ምስል ያወጣል። ከመዳመጫ በሴኮንድ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ እየፈጠነ የሚወጣን አረብ ብረት የሰው ዓይን ሊከተለው ስለማይችል ይህ ካሜራ ለብረት ፋብሪካዎች የተለየ ትርጉም ነበረው። መብራቱን እንዴት ማስቀመጥ እንዳለበት የሚወስነው ባለሙያም ከካሜራው ያላነሰ ዋጋ ነበረው። ብርሃኑ ከገጹ ነጥሮ በቀጥታ ወደ ካሜራው እንዲገባ ከተደረገ ጭረት ጥቁር ሆኖ ይታያል። ብርሃኑ በጎን ተዘቅዝቆ እንዲያልፍ ከተደረገ ደግሞ ለስላሳው ገጽ ይጨልምና ጭረቷ ብቻ ታበራለች። ብዙ እንከን በአልጎሪዝም ሳይሆን መብራት በማዞር ነው የተገኘው፤ ስለ መስኩ ሲጻፍ ይህ አዘውትሮ ይዘነጋል።

1970ዎቹ የደንብ ዘመን ናቸው። መሐንዲሱ እንከን ምን እንደሚመስል አስቦ፣ ያሰበውን በሒሳብ አስቀምጦ ለኮምፒውተሩ ይሰጣል። በ1973 የሂታቺው ማሳካዙ ኤጂሪና ባልደረቦቹ ውስብስብ የታተመ ሥዕል ላይ እንከን የሚያገኙበትን ዘዴ አሳተሙ። በሥዕሉ ያሉትን ቅርጾች አንድ ጊዜ ያሰፏቸዋል፣ መልሰው ደግሞ ያጠቧቸዋል። በዚህ ሂደት ትንንሽ ቀዳዳና ቅጥያ ይጠፋል። ከዚያ የታከመውን ምስል ከመጀመሪያው ጋር ያስተያዩታል፤ ልዩነት የታየበት ቦታ እንከን ነው። በዚያው ዓመት ሮበርት ሃራሊክ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የአንድን ገጽ ልስላሴ፣ ሻካራነትና ዥንጉርጉርነት በ14 ቁጥሮች የሚገልጽ ዘዴ አቀረበ። ቁጥሮቹ የሚሰሉት በምስሉ ውስጥ አንዱ የግራጫ ደረጃ ከሌላው ጎን ስንት ጊዜ እንደተገኘ በመቁጠር ነው። ሃራሊክ የሞከረው በአሸዋ ድንጋይ፣ በአየርና በሳተላይት ፎቶዎች ላይ ነበር፤ ጨርቅና ብረት ፈታሾች ግን ወዲያው ወሰዱት። ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ኦትሱ በ1979 ጥቁሩን ከነጩ የሚለይ የብርሃን ወሰን ኮምፒውተሩ በራሱ የሚመርጥበትን ስሌት አከለበት። ስሌቱ ከአርባ ዓመት በላይ አልፎትም ዛሬ በብዙ የምስል ሶፍትዌሮች ውስጥ አለ።

በ1990ዎቹ ከደንብ ወደ ትምህርት ግማሽ መንገድ ተሄደ። ደን በበዛባት ፊንላንድ የኦሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመጋዝ የተሰነጠቀ ጣውላ ላይ ያለን ጉጥና ስንጥቅ በካሜራ በመለየት ላይ ይሠሩ ነበር። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ቲሞ ኦያላና ማቲ ፒየቲካይነን እያንዳንዱን ፒክስል ከስምንት ጎረቤቶቹ ጋር አነጻጽሮ የገጽ መልክ የሚያወጣ ዘዴ ፈጠሩ፤ ዘዴው ለስሌት ቀላልና ብርሃን ሲቀያየር የማይናወጥ በመሆኑ ተወደደ። ቁጥሮቹን የሚያወጣው አሁንም ሰው የነደፈው ስሌት ነው። ቁጥሮቹን አይቶ “ይህ ጭረት ነው፣ ይህ የዝገት ቅርፊት ነው” የሚለው ውሳኔ ግን ከምሳሌ ወደሚማር ማሽን ተላለፈ። ለዚህ ሥራ በ1995 ኮሪና ኮርቴስና ቭላዲሚር ቫፕኒክ ያቀረቡት ሰፖርት ቬክተር ማሽን ጥቂት ምሳሌ ብቻ ይዞ ጥሩ ስለሚሠራ በፋብሪካዎች ዘንድ ተመራጭ ሆነ። ችግሩ የፋብሪካው ዕቃ ሲቀየር ስሌቱም አብሮ መቀየሩ ነበር። ለቆርቆሮ የተነደፈው ለጨርቅ አይሆንም፤ ለአንዱ መዳመጫ የተስተካከለው ለሌላው አይሠራም፤ እያንዳንዱ አዲስ ምርት አዲስ መሐንዲስና የወራት ሥራ ይጠይቃል።

ሙሉው ትምህርት በሌላ መስመር እያደገ ነበር። በ1980 ኩኒሂኮ ፉኩሺማ በጃፓን ከእንስሳት የእይታ ነርቭ አወቃቀር በመነሳት ንብርብር ያለው የነርቭ መረብ ሠራ። በ1986 ዴቪድ ሩመልሃርት፣ ጄፍሪ ሂንተንና ሮናልድ ዊሊያምስ ብዙ ንብርብር ያለው መረብ ስሕተቱን ከመጨረሻው ንብርብር ወደ መጀመሪያው እያካፈለ ክብደቶቹን የሚያስተካክልበትን ስሌት አስተዋወቁ። በ1989 ደግሞ ያን ለከን ሁለቱን አጣምሮ በቤል ላቦራቶሪ በእጅ የተጻፉ የፖስታ ቁጥሮችን የሚያነብ ኮንቮሉሽናል መረብ ሠራ። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ጥቂት ፒክስል የምታክል መስኮት ምስሉን ከዳር እስከ ዳር ትዳስሰዋለች፤ በየደረሰችበትም የፈለገችው ቅርጽ ምን ያህል እንዳለ ትመዘግባለች። የመጀመሪያዎቹ ንብርብሮች ጠርዝና መስመር ይለያሉ፤ ቀጣዮቹ ከነዚህ ትልልቅ ቅርጾች ይገጣጥማሉ። መስኮቶቹ ምን እንደሚፈልጉ የሚወስነው ንድፍ አውጪው አይደለም፤ ከምሳሌዎቹ የሚገኝ ነው። የሃራሊክን 14 ቁጥሮች የሚተካው ይህ ነበር፤ ያም ሆኖ ፋብሪካ ለመግባት ከ20 ዓመት በላይ ቆየ። መረቡ እጅግ ብዙ ምሳሌ ይፈልጋል። ጥሩ ፋብሪካ ደግሞ ብዙ እንከን አያወጣም፤ የሚያወጣውንም ለሰው አያሳይም።

በ2007 የጀርመን የፓተርን ሪኮግኒሽን ማኅበር ከቦሽ ኩባንያ ጋር ያወጣው ውድድር ይህን ችግር በግልጽ ያሳያል። ተወዳዳሪዎች የተሰጧቸው ምስሎች ከየትኛውም ፋብሪካ የመጡ አልነበሩም፤ ገጹም እንከኑም በኮምፒውተር የተፈበረከ ነበር። ለልምምድ በቀረበው በእያንዳንዱ ዓይነት 1,000 ደህና ምስልና 150 እንከን ያለበት ምስል አለ። የእንከኑም ቦታ በዝርዝር አልተሣለም፤ በግምት በተከበበ ሞላላ ክብ ብቻ ነው የተመለከተው። ሰው ተቀምጦ እያንዳንዱን ስንጥቅ በፒክስል ደረጃ ሲሥል የሚፈጀውን ጊዜ አዘጋጆቹ ያውቁ ነበር።

መረቡ ወደ እውነተኛ አረብ ብረት የደረሰው በ2012 ነው፤ ይህም አንባቢ ከሚጠብቀው ቀደም ብሎ ነው። የነርቭ መረብ ዳግም የተነሳበት ጊዜ ተብሎ የሚጠቀሰው አሌክስኔት የተባለው መረብ ኢሜጅኔት የተባለውን ፎቶዎችን የመለየት ውድድር ያሸነፈበት የዚያው ዓመት መከር ነው። ያ መረብ በሁለት የግራፊክስ ካርዶች ላይ በ1.2 ሚሊዮን ምስል ሠልጥኖ ስሕተቱን ወደ 15.3 በመቶ አወረደ፤ ተከታዩ 26.2 በመቶ ነበር። ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ግን በስዊዘርላንድ ሉጋኖ ከተማ የሚገኘው ኢድሲያ የተባለ ተቋም ተመራማሪዎች፣ ጆናታን ማሺና ዩርገን ሽሚድሁበር ያሉበት ቡድን፣ ከአርሴሎርሚታል ጋር የሠሩትን ጥናት አቅርበው ነበር። ከእውነተኛ የማምረቻ መስመር የተሰበሰቡ ሰባት ዓይነት የአረብ ብረት እንከኖችን መረቡ በ7 በመቶ ስሕተት ለየ። በተለመዱት ስሌቶች ላይ የሠለጠኑ ሰፖርት ቬክተር ማሽኖች ቢያንስ በእጥፍ ይሳሳቱ ነበር። መረቡ የተሰጠው ጥሬ ፒክስል ነው፤ መሐንዲሶች ለዓመታት የነደፏቸው ስሌቶች አላስፈለጉትም። አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ እንከኑን ከሰፊው ገጽ ፈልጎ የሚቆርጠው አሁንም የድሮው ሥርዓት ነበር፤ መረቡ የመጣለትን ቁራጭ ስም ብቻ ይሰጠዋል። ይህም ሆኖ ከኢሜጅኔት ውሾችና ድመቶች በፊት የብረት ጭረት መቅደሙ ሲነገር አይሰማም።

በተከታዩ ዓመት በቻይና ሼንያንግ ከተማ የሚገኘው የሰሜን ምሥራቅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቸን ሶንግና ዩንሁዪ ያን በግለት የተዳመጠ አረብ ብረት ምስሎች ስብስብ ለሕዝብ ለቀቁ። ስድስት ዓይነት እንከኖች አሉት፦ ተዳምጦ የገባ የዝገት ቅርፊት፣ ጥፍጥፍ፣ መረብ የመሰለ ጥቃቅን ስንጥቅ፣ የተበሳሳ ገጽ፣ ባዕድ ቅንጣትና ጭረት። ከእያንዳንዱ 300፣ በድምሩ 1,800 ምስል ነው። ለፋብሪካ ቅርበት ለሌለው ተመራማሪ ሁሉ በር ስለከፈተ ስሙ በጥናት ወረቀቶች ላይ የማይጠፋ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ከ99 በመቶ በላይ ትክክል የሚሉ መረቦች ተበራከቱ። የሠለጠኑትም አብዛኞቹ ከባዶ ተነስተው አልነበረም። በኢሜጅኔት ፎቶዎች የሠለጠነ መረብ ተወስዶ የመጨረሻ ንብርብሮቹ ብቻ በብረት ምስሎች ይስተካከላሉ፤ ውሻን ከውሻ ለመለየት የተማረው ጠርዝና ጥላ ስንጥቅን ለማወቅም ይበጃል።

99 በመቶ የሚለው ቁጥር ግን ፋብሪካ ውስጥ ሲገባ መልኩን ይቀይራል። ከ1,000 ቆርቆሮ አንዱ ብቻ እንከን ቢኖረውና ማሽኑ ከመቶ ደህና ቆርቆሮ አንዱን በስሕተት ቢጥል፣ ለአንዱ እውነተኛ እንከን ወደ አሥር የሚጠጉ ደህና ቆርቆሮዎች ይጣላሉ። ሠራተኛው ማንቂያው ሁልጊዜ በከንቱ ሲጮህበት መስማቱን ይተዋል። ከሼንያንግ ስብስብ ውስጥ ደህና ብረት የሚባል ምስል ጨርሶ የለም፤ ስለዚህም ይህን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም።

ከ2017 ጀምሮ ገበያው ነቃ። በማሽን እይታ ዘርፍ ከቀዳሚዎቹ አንዱ የሆነው የአሜሪካው ኮግኔክስ ቪዲ የተባለውን የስዊዘርላንድ ኩባንያ በዚያው ዓመት ገዛ፤ በ2019 ደግሞ ለኮሪያው ሱዋላብ 195 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በ2019 የሩሲያው ብረት አምራች ሴቨርስታል 12,568 የማሠልጠኛ ምስሎችን ካግል በተባለው የውድድር መድረክ አውጥቶ ለአሸናፊዎች 120,000 ዶላር መደበ። ከ2,000 በላይ ቡድኖች ገቡ። ከምስሎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንከን ያለባቸው ነበሩ፤ የትኛውም ፋብሪካ በዚህ መጠን እያበላሸ ሊቆም አይችልም። በአራቱ የእንከን ዓይነቶች መካከልም ልዩነቱ ሰፊ ነበር፤ ሦስተኛው ዓይነት ከ5,000 በላይ ምስል ላይ ሲገኝ ሁለተኛው 250 እንኳ አልሞላም። በዚያው ዓመት የስሎቬኒያው የልዩብልያና ዩኒቨርሲቲ ዶሜን ታበርኒክና ዳንየል ስኮቻይ ከኮሌክተር ኩባንያ ያገኟቸውን የኤሌክትሪክ ሞተር ክፍሎች 399 ምስል አሳተሙ። እንከን የታየባቸው 52ቱ ብቻ ነበሩ። በሁለት ደረጃ የሚሠራው መረባቸው ከ25 እስከ 30 በሚሆኑ የእንከን ናሙናዎች ብቻ መማር እንደሚችል ማሳየታቸው ለፋብሪካ ሰው ከማንኛውም 99 በመቶ ይልቅ የሚያጓጓ ዜና ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ጥያቄውን ከመገልበጥ ነው። እንከን ብርቅ ከሆነና ነገ ምን ዓይነት እንከን እንደሚመጣ ካልታወቀ፣ ማሽኑ ለምን ደህናውን ብቻ አይማርም? ስንዴ የሚለቅም ሰው የእንቅርዳድን፣ የጠጠርንና የገለባን ዓይነት ሁሉ ተምሮ አይደለም የሚቀመጠው፤ የስንዴውን መልክ ያውቃል፣ ያንን ያልመሰለውን ያነሳል። በ2019 የሙኒኩ ኤምቪቴክ ኩባንያ ተመራማሪ ፖል በርግማንና ባልደረቦቹ ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚሆን ስብስብ አወጡ። 15 ዓይነት ዕቃና ገጽ፣ 5,354 ምስልና 73 ዓይነት እንከን አለው። ለማሠልጠኛ የቀረቡት 3,629 ምስሎች ግን ሁሉም ደህና ናቸው፤ እንከን የሚመጣው በፈተናው ላይ ነው። ጠርሙስ፣ ክኒን፣ ዚፕ፣ ብሎን፣ ጣውላ፣ ምንጣፍና ቆዳ ይገኙበታል።

የቆዳው ክፍል ለኢትዮጵያ ኢንዱስትሪ ቅርብ ሆኖ የሚታይ ነው፤ የስብስቡንም ወሰን ያሳያል። በስብስቡ ያሉት የቆዳ እንከኖች ባለቀለት ቆዳ ላይ ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው፦ መቆረጥ፣ መታጠፍ፣ መበሳት፣ የሙጫ ጠብታና ቀለም። የኢትዮጵያን የበግ ቆዳ ዋጋ የሚያወርደው አንዱ እንከን ግን እከክ ነው። ቅማልና ሌሎች የውጭ ተባዮች በእንስሳው ላይ የሚያመጡት ሲሆን፣ የሚገለጠውም ፀጉሩ ተነስቶ ቆዳው ለመልፋት ሲዘጋጅ ነው። ትንንሽ እባጮች ሰፊ ቦታ ላይ ይበተናሉ። በቆዳው ተፈጥሯዊ ቀዳዳዎች መካከል የተበተነ እባጭ ከመቆረጥ ጋር አይመሳሰልም፤ አንዱን የሚያውቅ ማሽን ሌላውን ያውቃል ማለት አይቻልም።

ኤምቪቴክ ስብስቡን ካወጣ በኋላ ያሉት ዓመታት በእሱ ላይ ነጥብ በማስቆጠር አለፉ። በ2021 ካርስተን ሮት ከአማዞን ተመራማሪዎች ጋር ያቀረበው ፓችኮር የተባለው ዘዴ በጣም ቀላል ከሆኑት አንዱ ነው። በኢሜጅኔት የሠለጠነ መረብ የደህና ምስሎችን ቁራጭ ሁሉ ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ከቁጥሮቹ ወኪል የሚሆኑት ተመርጠው በማኅደር ይቀመጣሉ። አዲስ ምስል ሲመጣ እያንዳንዱ ቁራጭ በማኅደሩ ካለው የቅርብ ዘመዱ ምን ያህል እንደራቀ ይለካል፤ በጣም የራቀው እንከን ነው። ደህናውን ከእንከናሙ በመለየት መስፈርት ከ100 ነጥብ 99.6 ድረስ አገኘ። አማዞን ቀደም ብሎ በ2020 መጨረሻ ሉክአውት ፎር ቪዥን የሚባል ከ30 ምስል ጀምሮ የሚሠለጥን አገልግሎት ለፋብሪካዎች አቅርቦ ነበር፤ በ2024 ግን አገልግሎቱን ለአዲስ ደንበኞች ዘግቶ በ2025 እንደሚያቆመው አስታወቀ።

ነጥብ ቆጠራው ሲደምቅ አንድሩ ንግ በ2021 ባደረገው ንግግር ሌላ ነገር አስታወሰ። ንግ በ2017 መጨረሻ ላንዲንግ ኤአይ የተባለውን ኩባንያ የመሠረተው ለፋብሪካ ፍተሻ ነበር። በንግግሩ ያቀረበው ምሳሌ የአረብ ብረት ቆርቆሮ ነው። የነበረው ሥርዓት 76.2 በመቶ ትክክል ነበር፤ የሚፈለገው ደግሞ 90። መረቡን ለማሻሻል የደከመው ቡድን ምንም ለውጥ አላመጣም። መረቡን ሳይነካ ምስሎቹን ያጠራው ቡድን ግን 93.1 በመቶ ደረሰ። ጉድለቱ የነበረው ምስሎቹ ላይ ምልክት ያደረጉት ሰዎች ባለመስማማታቸው ነው። አንዱ ፈታሽ ጭረት ያለውን ሌላው ያልፈዋል፤ አንዱ ሁለት እንከን ብሎ የከበበውን ሌላው አንድ ብሎ ይከብበዋል። መረቡ የተማረው ብረቱን ብቻ ሳይሆን የሰዎቹንም አለመግባባት ነበር። የትኛው ጭረት እንከን እንደሆነ የሚወስነው በመጨረሻ ገዢው የሚቀበለው መጠን ነው፤ ለጣሪያ ቆርቆሮ የሚታለፍ ምልክት ለመኪና በር አይታለፍም። ይህን ውሳኔ ከምስሉ ውስጥ ማግኘት አይቻልም፤ በጽሑፍ ተስማምቶ ማስቀመጥን ይጠይቃል።

በ2023 ጥያቄው እንደገና ተገለበጠ። የአማዞን ተመራማሪዎች ዊንክሊፕ ባሉት ዘዴ ምስልንና ቃልን አብሮ የተማረውን የኦፕንኤአይን ክሊፕ ተጠቅመው፣ ማሽኑ አንድም የሥልጠና ምስል ሳያይ “ደህና” እና “የተበላሸ” በሚሉ ገለጻዎች ብቻ እንዲፈርድ አደረጉ። በኤምቪቴክ ስብስብ ላይ 91.8 አስመዘገበ። ከፓችኮር ያንሳል፤ ሆኖም ለሥራው ከፋብሪካው አንድም ፎቶ አልጠየቀም።

በ2025 ኤምቪቴክ ሁለተኛውን ስብስብ አወጣ። ስምንት ዓይነት ሥራዎችና ከ8,000 በላይ ምስል አሉት። ብርሃን የሚያሳልፉና የተደራረቡ ዕቃዎች፣ ከኋላና ከጎን የሚበሩ መብራቶች፣ ደህናው ራሱ መልኩን የሚለዋውጥባቸው ምርቶች ገብተውበታል፤ መብራቱ በሥልጠናና በፈተና መካከል የሚቀያየርበትም ክፍል አለ። የዋናው ፈተና መልስም ለተወዳዳሪዎች አይሰጥም፤ ውጤቱ የሚወጣው በኩባንያው ሰርቨር በኩል ነው። በመጀመሪያው ስብስብ 100 ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ዘዴዎች በአዲሱ ላይ እንከኑ ያለበትን ቦታ በማመልከት መስፈርት በአማካይ 60 በመቶ እንኳ አልደረሱም።